ሳተላይቱን ዝም ያሰኘው ማን ነው? ኤሌክትሮን የሚያበጥረው ሰፌድና የኢንተርናሽናል ድራይቭ ታሪክ

ከዝግጅት ክፍሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኢንተርናሽናል ድራይቭ የሚባለውን መንገድ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለው እዚያ ነው። ፓስፖርት ለማሳደስ ተሰልፈንበታል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይዘንም በብርድና በሙቀት ጮኸንበታል። የቆምንበት መሬት ከእኛ በፊት ምን ይሠራበት እንደነበር የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ቦታው የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያ መሥሪያ ቤት ግቢ ነበር። ናሽናል ቢሮ ኦፍ ስታንዳርድስ ይባል የነበረው ይህ መሥሪያ ቤት በ1901 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ርዝመትን፣ ክብደትንና ኤሌክትሪክን በትክክል የመለካት አደራ ተሰጥቶት ኖሯል። በ1966 ወደ ጌትስበርግ፣ ሜሪላንድ ተዛወረ፤ ዛሬ ስሙ ኒስት ነው። የለቀቀው መሬት ከፊሉ ለኤምባሲዎች ተሰጠ፤ ከፊሉ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ። በዚያው መንገድ መግቢያ ላይም ኢንቴልሳት የተባለው የሳተላይት ድርጅት ትልቁን የመስተዋት ሕንፃውን ሠርቶ ለብዙ ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱ አድርጎታል።

እንግዲህ ኤምባሲ፣ ሳተላይትና መለኪያ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የሦስቱ ዝምድና በአድራሻ ብቻ አይደለም። በስደት ያለ ሕዝብ ድምፁን ወደ አገሩ የሚልከው በሳተላይት ነው፤ ሳተላይቱ ዝም ሲል ደግሞ “ማን ዝም አሰኘው?” ብለን እንጠይቃለን። ለዚህ ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በማስረጃ መልስ ከሚሰጡት መሣሪያዎች አንዱ ኤሌክትሮንን በታጠፉ ሰሌዳዎች መካከል አሳልፎ የሚያበጥር መሣሪያ ነው። ዛሬ ስለእርሱ እናወጋለን።

የ2010ሩ “ዞምቢ”

ኤፕሪል 5 ቀን 2010 ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የነበረው ጋላክሲ 15 የተባለ የኢንቴልሳት ሳተላይት ከምድር የሚላክለትን ትእዛዝ መስማት በድንገት አቆመ። የሚገርመው አለመሞቱ ነው። ማሰራጫዎቹ እንደበሩ ቀሩ፤ ግን የሚያዝዘው አጣ። ከቦታው እየተንሸራተተ በሌሎች ሳተላይቶች ደጃፍ ማለፍ ሲጀምር ጋዜጦች “ዞምቢ ሳተላይት” የሚል ስም አወጡለት። በዲሴምበር 23 ቀን 2010 ባትሪው ተሟጥጦ ራሱን በራሱ አጥፍቶ ከበራ በኋላ ነው እንደገና ትእዛዝ መቀበል የጀመረው።

ከስቱዲዮዎቹ አንዱ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የነበረው ኢሳት በሳተላይት ማሰራጨት የጀመረውም በዚያው በ2010 ነው። ኢሳት በጋላክሲ 15 ይተላለፍ ነበር ማለታችን አይደለም። አጋጣሚውን የምናነሳው የኛ ሰው የሳተላይትን ነገር በየቤቱ ማውራት የጀመረው በዚያ ዘመን ስለሆነ ነው። ቴሌቪዥኑ በጠቆረ ቁጥር ሁላችንም “ጃም ተደረገ!” እንል ነበር። መሠረት አልነበረውም የሚል የለም፤ አረብሳት ራሱ በ2012 የሳተላይቶቹን ሥርጭት የሚያውከው ሞገድ ከኢትዮጵያ ምድር እንደሚነሳ ይፋ አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ ሰማይ ላይ ያለ መሣሪያ ዝም ባለ ቁጥር ጥፋተኛው ሰው ነው ማለት አይቻልም።

በጋላክሲ 15 ላይ የተደረገው ምርመራ ጣቱን የቀሰረው በተጠራቀመ ቻርጅ ድንገተኛ ብልጭታ ላይ ነው። በብርዱ ወራት ምንጣፍ ላይ ሄደን የበር እጀታ ስንነካ ጣታችንን የሚቆነጥጠን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳተላይቱንም እንደዚያ ያለ፣ ነገር ግን እጅግ የበረታ ነገር ሳይቆነጥጠው አልቀረም። ከሁለት ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 3፣ ከፀሐይ የተነሳ ፍንዳታ በዚያው በኤፕሪል 5 ምድር ደርሶ የማግኔት ማዕበል አስነስቶ ነበር። ሳተላይቱ ባለበት ቦታ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ካለፈ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ይህ ደግሞ ጉልበታም ኤሌክትሮኖች ከምድር ጀርባ፣ ከጨለማው ወገን፣ እንደ ጎርፍ የሚመጡበት ጊዜ ነው።

ኤሌክትሮን እንዴት ይበጠራል?

“ጉልበታም” ስንል ምን ያህል ነው? ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ደካማ ኤሌክትሮን ሳተላይትን እምብዛም አይጎዳም። በጥቂት ሺህ እና በጥቂት አሥር ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት መካከል ያለው ግን የሳተላይቱ ገጽ ላይ እየተለጠፈ ይጠራቀማል። አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ልዩነት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ እህል ከገለባ እንደሚለይ በየጉልበታቸው መለየት ያስፈልጋል። እናቶቻችን ለዚህ ሰፌድና ወንፊት አላቸው። የፊዚክስ ሰዎችስ?

ሁለት ጣሳዎች አስቡ፤ አንዱ ጠበብ ያለ፣ ሌላው ሰፋ ያለ። ጠባቡን በሰፊው ውስጥ መሐል ለመሐል አቁሙት። በሁለቱ መካከል የቀለበት ቅርጽ ያለው ባዶ መተላለፊያ ይቀራል። ዙሪያው ሁሉ አያስፈልገንም፤ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ቆርጠን እናስቀር። ውስጠኛውን ሰሌዳ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ውጪኛውን ከኔጋቲቭ ጋር እናገናኘው። ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ነውና ውስጠኛው ይስበዋል፣ ውጪኛው ይገፋዋል። አየሩን አጥርገን አውጥተን በአንደኛው ጫፍ በቀጭን ስንጥቅ በኩል ኤሌክትሮኖችን እንልቀቅ። ሲሊንደራዊ ኤሌክትሮስታቲክ አናላይዘር የሚሉት መሣሪያ ይኸው ነው።

ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን ነገሩን ቶሎ ይረዱታል። ከ495 ተነስቶ በስፕሪንግፊልድ “ሚክሲንግ ቦውል” በኩል የሚታጠፍ መኪና ከልክ በላይ ከሮጠ ወደ ውጪው አጥር ይንሸራተታል። ኤሌክትሮንም ከልክ በላይ ጉልበት ካለው ሳቢው ኃይል ሊያጥፈው ስለማይችል ከውጪኛው ሰሌዳ ጋር ይላተማል። ጉልበቱ ካነሰ ደግሞ፣ መሪ የሚያቃናለት ሾፌር የለውምና፣ ወደ ውስጠኛው ተጎትቶ እዚያው ይቀራል። ልክክ ያለ ጉልበት ያለው ብቻ መታጠፊያውን ጨርሶ በማዶው ስንጥቅ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ከመሐል እስከ ውስጠኛው ሰሌዳ 45 ሚሊ ሜትር፣ እስከ ውጪኛው 55 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የመተላለፊያው መካከል 50 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል 40 ቮልት ብናደርግ የሚያልፉት 100 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያላቸው ናቸው። 4 ቮልት ስናደርገው 10፣ 400 ቮልት ስናደርገው 1,000 ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው ያልፋሉ። ስለዚህ ቮልቱን ደረጃ በደረጃ እየቀየሩ በየደረጃው ስንት እንዳለፈ መቁጠር ብቻ ነው። ባለ 100ው ኤሌክትሮን በሴኮንድ ወደ 5,900 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ በዚህ ፍጥነት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ከ11 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን መታጠፊያችንን የሚጨርሰው በ19 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ነው።

ሲሊንደሩ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ከመሐሉ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ሳቢው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። በሰፊ ክብ ለመዞር የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ባለ 100ው ኤሌክትሮን ወደ ውስጠኛው ቀረብ ብሎም ሆነ ወደ ውጪኛው ራቅ ብሎ በክብ መንገድ መዞር ይችላል። የሚወስነው የቆመበት ቦታ ሳይሆን ጉልበቱ ነው።

የ127 ዲግሪው ምሥጢር

ቆርጠን ያስቀረነው ቁራጭ ለምን አንድ ሦስተኛ ያህል ሆነ? ኤሌክትሮኖች በስንጥቁ ሲገቡ ሁሉም ቀጥ ብለው አይገቡም፤ አንዱ ትንሽ ወደ ውጪ፣ ሌላው ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ወደ ውጪ ያዘነበለው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሳቢው ኃይል ይበልጥ ያጥፈውና ወደ መካከል ይመልሰዋል። ወደ ውስጥ ያዘነበለው ቁልቁለት እንደያዘ ይፈጥናል፤ በመፍጠኑም መታጠፉ ይቀንስና ወደ መካከል ይመለሳል። ሁሉም በመካከለኛው መንገድ ግራና ቀኝ ዥዋዥዌ ይጫወታሉ።

በ1929 ሂዩዝና ሮጃንስኪ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ይህንን ዥዋዥዌ አስልተው አንድ ቁጥር አገኙ። እኩል ጉልበት ኖሯቸው ነገር ግን ጥቂት ተዛንፈው የገቡት ሁሉ 127 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ሲዞሩ መካከሉ ላይ እንደገና ይገናኛሉ። ካልኩሌተር የያዘ ልጅ 180ን ለ2 ስኩዌር ሩት አካፍሎ ሊያረጋግጠው ይችላል። መውጫው ስንጥቅ በዚያ ቦታ ከተደረገ የተዛነፉትም ሳይባክኑ ያልፋሉ። ጉልበታቸው የተለየ ግን አብረው አይገናኙም፤ በእኛ ምሳሌ 101 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ከመካከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውጪ ያርፋል። ስለዚህ ስንጥቁ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው 100ን ከ101 መለየት ይቻላል።

ቀላል ይመስላል እንጂ በሥራ ላይ ፈተናው ብዙ ነው። የምድር ማግኔት ራሱ ኤሌክትሮንን ያጥፋል፤ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ያለው በዚህ የተነሳ በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሬዲየስ ይዞራል፤ ከመሣሪያው ሬዲየስ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ማግኔትን በሚከልል ልዩ ቅይጥ ብረት መሸፈን ግድ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለች ጥቂት ቆሻሻም ቻርጅ ይዛ መንገዱን ታጣምማለች። በሰሌዳዎቹ ጫፍና ጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ ወደ ውጪ ስለሚያብጥ ንጹሑን ስሌት ያዛባዋል።

ዋናው ድክመት ግን ሌላ ነው። ጣሳው በቁመቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነበለ ኤሌክትሮንን የሚመልስ ኃይል የለም፤ ተበትኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ሰሌዳዎቹን እንደ ጣሳ ሳይሆን እንደ ድቡልቡል ኳስ ማድረግ ነው። ኳሱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሰበስባል፤ መገናኛው ግን 127 መሆኑ ቀርቶ 180 ዲግሪ ይሆናል። በናሽናል ቢሮ ኦፍ ስታንዳርድስ የነበሩት አሮል ሲምፕሰን የኤሌክትሮን ጉልበት በጥራት የሚለካ፣ በግማሽ ኳስ ሰሌዳዎች የተሠራ መሣሪያቸውን ያሳተሙት በ1964 ነው፤ ከሥራ ባልደረባቸው ከክሪስ ኩያት ጋርም የኤሌክትሮን ሌንስ አሠራርን አሳድገዋል። መሥሪያ ቤታቸው በዚያን ጊዜ ገና ወደ ጌትስበርግ አልሄደም ነበር። ዛሬ ኤምባሲዎቹ የቆሙበት ግቢ የኤሌክትሮን መለካት ሙያ ካደገባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሳተላይት ሕመሙን ሲናገር

መሣሪያው ወደ ሰማይ ወጥቶ ምን አስተማረን? በኦገስት 1969 ኤቲኤስ 5 የተባለ የናሳ ሳተላይት ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንዲያጎ የመጡ መለኪያዎችን ይዞ ወጣ። ከ50 እስከ 50 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸውን ኤሌክትሮኖችና አዮኖች በየጉልበታቸው ይለዩ ነበር። ሳተላይቱ የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ደካማ አዮኖች ድምጥማጣቸው ጠፋ፤ የሚመጡት ሁሉ ከአንድ ልክ በላይ ጉልበት ያላቸው ብቻ ሆኑ።

ፍቺው ይህ ነው። ሳተላይቱ ኤሌክትሮን ተለጥፎበት ኔጋቲቭ ሆኗል፤ ፖዘቲቭ የሆኑትን አዮኖች ይስባቸዋል፤ እያንዳንዱ አዮን መለኪያው ዘንድ ሲደርስ ሳተላይቱ የተሞላበትን ቮልት ያህል ጉልበት ጨምሮ ይመጣል። ስለዚህ የአዮኖቹ ዝቅተኛ ጉልበት የሳተላይቱ ቮልት ነው! ሸርማን ዲፎረስት በ1972 እንዳሳተሙት በጥላ ውስጥ እስከ 10 ሺህ ቮልት ኔጋቲቭ ተመዝግቧል። በፀሐይ ላይ ሲሆን ግን ብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሮኖችን ከገጹ እየፈነቀለ ስለሚያስወጣ ሸክሙ በጣም ይቀልለታል። የሳተላይቱ አንዱ ክፍል ከሌላው ተለይቶ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሲሸከም ነው ብልጭታው የሚፈጠረው።

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንመለስ። ከሜትሮው ጣቢያ አጠገብ፣ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ላይ ያሉት የኖኣ ሕንፃዎች በየቀኑ የምናልፋቸው ናቸው። ኖኣ የአየር ጠባይን ብቻ ሳይሆን የሕዋውንም “አየር” ይከታተላል። ጋላክሲ 15 በታመመ ጊዜ ይሠሩ የነበሩት ጎስ የተባሉ የኖኣ ሳተላይቶች ኤሌክትሮንን የሚለኩት ከ30 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጀምሮ ነበር። ከዚያ በታች ያለውን፣ የሳተላይትን ገጽ ቻርጅ የሚሞላውን ዋነኛውን ክፍል አያዩም ነበር። ከ2016 ወዲህ የወጡት ጎስ 16፣ 17፣ 18 እና 19 ግን ከ30 እስከ 30 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን የሚያበጥር ኤሌክትሮስታቲክ አናላይዘር ይዘዋል። የጎደለው ዓይን ተተክሏል ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ በግሪንቤልት ያለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከልም በማርች 2015 ኤምኤምኤስ የተባሉ አራት ሳተላይቶችን አስወጥቷል። በየ30 ሚሊ ሴኮንዱ በዙሪያቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች በየአቅጣጫውና በየጉልበቱ ይቆጥራሉ። በ1929 በወረቀት ላይ የተሰላው ዥዋዥዌ እዚህ ደርሷል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ ዳኝነት እንማርበታለን። ጃሚንግ የሚያጠቃው የተወሰነ የሞገድ መስመርን ነው፤ ጎረቤት መስመሮች ጤነኛ ሆነው አንዱ ብቻ ሲታፈን ሰው ይጠረጠራል። ቻርጅ ግን የሳተላይቱን አካል ነው የሚመታው፤ ያኔ የኤሌክትሮን መዝገብ ይጠየቃል። የኖኣ መዝገብ ደግሞ ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ነው። “ከሳሽ ሳይጠየቅ፣ ተከሳሽ ሳይሰማ” መፍረድ ያንገሸገሸን ሕዝብ ነንና፣ ለሰማዩም ጉዳይ ቢሆን መለኪያ ሳናይ ባንፈርድ ደግ ነው።

ሁለተኛ፣ ነገሩ አገር ቤትን ይነካል። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የተባለ የሕዋና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለ። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 20 ቀን 2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስወንጭፋለች። ሳተላይት ያለው አገር ሳተላይቱን ምን እንደሚያሳምመው የሚያውቁ ልጆችም ያስፈልጉታል።

ሦስተኛ፣ በሩ ቅርብ ነው። የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ያለው አሌክሳንድሪያ ነው። የእነዚህ አናላይዘሮች ሥዕልና ዝርዝር አሠራር በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰነዶች ጋር በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል። የመብታቸው ዘመን ያለፈው አሮጌዎቹ ሠርቶ ለመሞከርም አይከለክሉም። በሞንትጎመሪና በፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ የሚማሩ ልጆቻችን ቁጥር ብዙ ነው። ብዙዎቹ ግን ትምህርት ቤት የተማሩትን ማታ ለእናትና ለአባታቸው በአማርኛ የሚነግሩበት ቃል አጥተው ዝም ይላሉ። ጣሳና ዥዋዥዌ፣ ሰፌድና ዳገት አማርኛችን ውስጥ ሞልተው ተርፈዋል። ኤሌክትሮንን ያህል ረቂቅ ነገር በእነርሱ ማስረዳት ከተቻለ ቋንቋው አልጎደለም፤ የጎደለው የሚያወጋ ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ማዕከላት የምትሠሩ፣ በየዩኒቨርሲቲውም የምታስተምሩ ወገኖቻችን፣ የምታውቁትን በገዛ ቋንቋችሁ ጻፉልን። ሰማዩን የሚያበጥረው ሰፌድ በሌሎች እጅ ብቻ መቅረት የለበትም።

ቸር ያሰማን!